ለአባባ የተተወችው ማካፈል

ውድ እህቴ፣ እታለም፤

ወረቀቱ እጅሽ ሳይገባ ሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ባለፈው የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት ዓይንሽን እንዳስቸገረሽ በስልክ ነግረሽን ነበርና እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔን ዓይን እያየች ስላንቺ ዓይን ትጨነቃለች። ባለቤትሽስ ደህና ነው? ሳሉ ለቀቀው? ትንሿስ እንዴት ናት? አሁንም ስልክ ስታገኝ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው ወይስ እንደ ሰው ማውራት ጀመረች?

እኛ ደህና ነን። እማዬ መብላት ጀምራለች፤ ትንሽ ነው፣ ግን ቁጭ ብላ ነው የምትበላው። አባባ ወደ ስፌት ሱቁ ተመልሷል። እኔም ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነው። ወንድማችን ከሄደ ወዲህ ሁላችንም በር የምንዘጋው ቀስ ብለን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚቀሰቀስ ሰው የለም። አንድ ቀን እማዬ ‹ኧረ ዝጉት በሩን፣ ሌባ መሰላችሁ እኮ› ብላ ተቆጣች፤ ማግስቱን ግን እሷም እንደኛው ነው የዘጋችው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ካላደረገች የምታወራ ስለማይመስላት ነው። አንቺ አንድ ቃል ስትናገሪ ከኛ በፊት ጎረቤት ይሰማዋል። የጎረቤታችን የአዋላጇ ልጅ ለትምህርት ወደናንተ እንደሚመጣና ደብዳቤ እንደሚያደርስልኝ ስሰማ ግን ወረቀት አነሳሁ። የመቃብሩ ድንጋይ ፎቶ ሳይደርስሽ ይህን ማንበብ አለብሽ።

እማዬ ድንጋዩ ላይ ከስሙ በታች ምን እንዲጻፍ እንደፈለገች ነግራሻለች። የሆስፒታል ካርዱ ቁጥር፣ ከቁጥሩም ሥር ‹የማይካፈል› የሚለው ቃል። ስትነግርሽ አልቅሰሽ ‹እሱም ደስ ይለው ነበር› ማለትሽን ሰምቻለሁ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። አንቺ ድርሻሽን በስልክ ሠራሽ እንጂ የሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ አልነበርሽምና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ቆጣሪው ሆስፒታል የገባ ዕለት (ወንድማችንን አሁንም በዚህ ስም ነው የምጠራው፤ መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ገና ደጅ ሳይደርስ ቁጥሩን በቃሉ ይነግረው እንደነበር አንቺ ከኔ የበለጠ ታስታውሻለሽ) እጁ አንጓ ላይ የፕላስቲክ አምባር አሰሩለት። አምባሩ ላይ የካርድ ቁጥሩ ተጽፏል፤ 826277። ነርሷ መርፌውን ስትሰካ እሱ ቁጥሩን ነበር የሚያየው። ‹አመመህ?› ብትለው ‹ለሦስት አይካፈልም› አላት። እሷም ወደ እማዬ ዞራ ‹ትኩሳቱ ከመቼ ጀምሮ ነው?› ብላ ጠየቀች።

ያን ምሽት ነው ላንቺ የተደወለው። ቁጥሩን የመረጠው እሱ ነበር፤ ድርሻ ያከፋፈለውም እሱ። እንደ ቤታችን ደንብ ትንንሾቹ አካፋዮች ለኔ፣ መካከለኞቹ ለሱ፣ ትልልቆቹ ላንቺ፤ መጨረሻ ላይ የምትቀረው አንዲት ማካፈል ደግሞ ለአባባ። አባባ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ መርፌና ክር ስለያዘ ረጅሙን ማካፈል የተማረው ከኛ ነው፤ ለዚህም ይሆናል እኛ እንደ ጨዋታ የምንሠራውን እሱ እንደ ፍርድ የሚሠራው። ሦስታችንም ሞክረን ያለቀሪ የሚያካፍለው ካጣን፣ ቁጥሩ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ የሚያውጀው አባባ ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። እማዬ ግን ይህ ስም ሆዷን ስለሚያባባው ቤታችን ውስጥ የማይካፈል እንዲባል ካዘዘች ስንት ዘመኗ።

መጀመሪያ የት ላይ እንደምናቆም ፈለግን። ታውቂዋለሽ፤ በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን የሚያልፈውን አግኝተን ከዚያ ወዲያ አንሄድም፤ ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖር ኖሮ ጓደኛው ከታች ተይዞ ነበርና። 909ን በራሱ ብናባዛው 826281 ሆነ። ከቁጥራችን የሚበልጠው በአራት ብቻ ነው። ቆጣሪው ትራሱ ላይ ደገፍ ብሎ ሳቀ፤ ‹ለጥቂት አለፈን እኮ፣ በአራት› አለ። እኔም ሳቅኩ። ‹አራት፣ አራት› እያልን ለአባባም ነገርነው። ሁላችንም በዚያች አራት ስቀን ጣልናት። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፋ የኛ ቤት ሰው ብቻ ነው፤ መልሱን ከፊታችን አስቀምጠን፣ ማቆሚያ አድርገነው፣ አልፈነው ሄድን። ለምን እንዲህ እንደምል እነግርሻለሁ።

ከጎኑ አልጋ ላይ እግሩ በጄሶ የተያዘ የጭነት መኪና ሾፌር ተኝቶ ነበር። አንድ ጠዋት የምናካፍለውን እየሰማ ሲገላበጥ ቆየና ‹እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ለጥፌ ስነዳ ቁጥሩ ይካፈል አይካፈል ብዬ አላውቅም። ለመሆኑ ካልተካፈለ ምን ይሰጡሃል?› አለው። ቆጣሪው ‹ምንም› አለ። ‹እንግዲያው ቢካፈል ይሻልሃል፤ ቢያንስ ለሁለት ሰው ይደርሳል።› ቀጥሎ የራሱን አምባር ዘረጋለት። መጨረሻው አምስት ነበር። ቆጣሪው ዓይኑን ጣል አድርጎ ‹ያንተ ለአምስት ይካፈላል› ቢለው ሾፌሩ አኮረፈ፤ ‹እግሬስ ተሰበረ፣ ቁጥሬን ደግሞ አንተ ሰበርከው› ብሎ እስከ ምሳ አላናገረውም።

እኔ የኔን ቶሎ ጨረስኩ። ቆጣሪው የሱን በጭንቅላቱ እየሠራ እኔ ጻፍኩለት፤ እጁ ይዝል ነበር። አንዳንዴ አንድ ቁጥር መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስደውና ሲነቃ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ‹የት ደርሼ ነበር?› ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ያንቺ ውጤት በመልእክት ሲመጣ አነብለት ነበር። ‹ለ677 ሲካፈል 337 ይቀራል› ብለሽ የላክሽው ጊዜ ‹እሷ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ይህን ትሠራለች፣ እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ እያለከለክሁ ነው› አለ። አንድ ቀን ደግሞ ለምን ይህን ቁጥር እንደያዘው ጠየቅኩት። ‹እዚህ ከገባሁ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ነገሬን ቆርሰው ወደ አንድ ክፍል ይልካሉ። ደሜ ወደዚያ፣ ሽንቴ ወደዚህ፣ ደረቴ ወደ ራጅ። የሰጡኝ ይህን ቁጥር ብቻ ነው። እሱን እንኳ ማንም እንዳይቆርሰው ፈልጌ ነው› አለኝ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው፤ እኔም እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት።

ያንቺ ድርሻ አለቀ። የቀረችው 907 ብቻ ሆነች፤ እሷም የአባባ። አባባ ከሱቅ ሲመጣ ትከሻው ላይ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። እጁን ታጠበና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የራጅ ፖስታው ጀርባ ላይ ማካፈል ጀመረ። ሲያካፍል ከንፈሩ እንደሚንቀሳቀስ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን ከወትሮው ቆየ። ሾፌሩ ‹አቶ ዳኛ፣ ፍርዱ ለሌላ ቀጠሮ ተዛወረ እንዴ?› አለ። አባባ ፖስታውን አጠፈውና ቀና አለ። ‹ይቀራል› አለ። ቆጣሪው ‹ስንት?› አለ። ‹አራት።› ‹አራት?› ‹አራት አልኩህ እኮ።› ቆጣሪው ትንሽ አየውና ዓይኑን ጨፈነ፤ ፈገግ አለ። ‹አመሰግናለሁ አባባ› አለ። ሾፌሩ ጄሶውን በቡጢ እየመታ ‹አልተካፈለም፣ ልጁ አልተካፈለም› ብሎ ክፍሉን ሁሉ ቀሰቀሰው። ነርሷ ልትቆጣ መጥታ ነገሩን ስትሰማ እሷም አብራ ሳቀች። እማዬ ምን እንደተሳቀ ሳይገባት ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት። ልጇ ሲስቅ ካየች ሰንብታ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄደ። ከዚያ ያለውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ አልመልሰውም።

ለዚህ ነው እማዬ ቁጥሩን የያዘችው። ስምንት መቶ ሃያ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ሰባት ብላ ሳትደናቀፍ በቃሏ ትለዋለች፤ የራሷን ስልክ ቁጥር የማታውቀዋ እማዬ። ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሦስታችንም ሄደን ነበር። የሚሠራው ከአውቶቡስ ማደሪያው ኋላ፣ ነጭ አቧራ በለበሰ ግቢ ውስጥ ነው። እማዬ የምትፈልገውን ስትነግረው ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ‹ስልክ ነው?› አላት። አይደለም አለችው። ‹አይ፣ ሰው ይደውልበታል ብዬ ነው።› ቀጥሎ ቃሉን አነበበና ‹የማይካፈል? ምነው፣ ልጁ ንፉግ ነበር?› አለ። እማዬ እዚያው አቧራው መሃል ቆማ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ሰውዬው ደንግጦ ውሃ አመጣላት። ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ቀጠረን።

ይህ በሆነ በሳምንቱ፣ ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የሂሳብ አስተማሪያችን ሲያስረዳ አንድ እግሩን ተክሎ በሌላው ስለሚዞር ኮምፓስ እንለዋለን። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ 91 ጻፈና ‹ይካፈላል?› ብሎ ጠየቀን። ከኋላ አንዱ ‹አይካፈልም፣ ፊቱን አያችሁት?› አለ። ኮምፓስ ‹ፊት አይታመንም› አለው። ‹91 ከመቶ ላይ ዘጠኝ ሲነሳ የቀረ ነው። መቶ አስር በአስር ነው፤ ዘጠኝ ሦስት በሦስት። በራሱ ከተባዛ ቁጥር ላይ ሌላ በራሱ የተባዛ ቁጥር ስታነሱ የሚቀረው እንዲህ ይፈታል፤ አስር ሲቀነስ ሦስት፣ አስር ሲደመር ሦስት። ሰባት በአስራ ሦስት።› አባዛነው፤ 91 መጣ።

እታለም፣ ብዕሬን አነሳሁ። ቁጥራችን ከ909 በ909 ላይ አራት ሲነሳ የቀረው ነው። አራት ደግሞ ሁለት በሁለት ነው። 909 ሲቀነስ ሁለት፣ 907። 909 ሲደመር ሁለት፣ 911። ደብተሬ ጠርዝ ላይ አባዛኋቸው። 826277 መጣ። እንደገና አባዛሁ። ያው ነው። ኮምፓስ ‹አንተ፣ ምን ሆንክ?› አለኝ። ‹ምንም› አልኩት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንቺን ነው፤ ይቅር በይኝ። ትልልቆቹ ያንቺ ስለነበሩ ደክሟት አንዷን ዘልላለች አልኩ። የላክሽልንን ዝርዝር በሙሉ እንደገና አየሁት። አንድም ስህተት የለበትም። ያንቺ 887 ላይ ያበቃል፤ ከሷ ቀጥላ የምትመጣው 907 የአባባ ነበረች።

ሱቁ ስደርስ አባባ የሱሪ ጫፍ እያጠፈ ነበር። ‹አባባ፣ ያን ቀን ስታካፍል ተሳስተሃል› አልኩት። እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳ። የስፌት መኪናው ጎማ ብቻውን ትንሽ ዞረና ቆመ። ‹አልተሳሳትኩም› አለኝ። ‹911 ይደርሳል እኮ፣ ቀሪ የለውም።› ‹አውቃለሁ› አለ።

ከዚያ ሱሪውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነገረኝ። ‹ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ፤ ቀነስኩ። አንድ ጊዜ ደረሰ፤ ቀነስኩ። የመጨረሻዋን ሰባት ባወርዳት ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው፣ 907 ራሱ። የማካፍልበት ቁጥር ቁልጭ ብሎ ከፊቴ ቆመ። ሁለተኛ ሠራሁት፤ ለዚህ ነው የቆየሁት። ቀና ብል እየጠበቀኝ ነው። አንገቱ እንዴት እንደነበረ አይተሃል። ተካፈለ ልበለው? ምላሴ እምቢ አለኝ።› ለምን አራት እንዳለ ጠየቅኩት። ‹ሲጨንቀኝ ሌላ ቁጥር ከየት ላምጣ? አራት አራት ስትሉ ሰምቼ ነዋ› አለ።

ተናደድኩ፤ አልዋሽሽም። ‹የተሳሳተ መልስ እንዴት እንደሚጠላ እያወቅክ› አልኩት። ‹አውቃለሁ› አለ። ‹እሱስ አወቀ?› አልኩት። ‹እኔ እንጃ ልጄ። አራት ብሎ መልሶ ሲጠይቀኝ ዓይኑን ከዓይኔ አላነሳም። እናንተን ማታለል ድሮም አልሆነልኝም› አለ። 909ን በራሱ ያባዛው ራሱ ቆጣሪው ነበር፤ አራቷን መጀመሪያ ያያት እሱ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየቀኑ አስበዋለሁ። አውቆ ይሆናል። ሳያውቅም ይሆናል። አንቺ ምን ይመስልሻል?

ወዲያው ግን ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ቅዳሜ። አባባ ‹እናትህ የያዘቻት ይህችን ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ከእጇ ልንጠቃት?› አለ። ቀጥሎም ‹አንተ ምን ትላለህ?› ብሎ ጠየቀኝ። አባባ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እንዲህ የሚጠይቀው አንቺንና ቆጣሪውን ነበር። ‹ድንጋይ ላይ ከተጠረበ አይፋቅም። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ያየውና ይህ ልጅ አላጣራም ይላል። እሱ ሳያጣራ የተናገረው ነገር የለም› አልኩት። አባባ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ‹እኔ እነግራታለሁ› አለኝ።

ማክሰኞ እራት ላይ ‹እ...› ብሎ ጀመረና ጨው ጠየቀ። ጨው ከፊቱ ነበር። ረቡዕ ‹ስሚ እስኪ› አላት፤ እሷ ‹አቤት› ስትለው ‹ቧንቧው ይንጠባጠባል› አላት። ሐሙስ ጭራሽ አምሽቶ መጣ። አርብ ማታ እማዬ ካልሲ እየጠገነች፣ እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ አባባ መጥቶ ከፊቷ ተቀመጠና አንድም ሳያስቀር ተናገረ። እማዬ መርፌዋን ካልሲው ላይ ሰክታ ሰማችው።

ሲጨርስ ‹እያየህ ነው የዋሸኸው?› አለችው። ‹እያየኝ› አለ። ‹ደስ ብሎት ነበር?› ‹ደስ ብሎት ነበር።› ወደኔ ዞረች፤ ‹ለስንት ነው የሚካፈለው?› አለችኝ። ‹ለሁለት ቁጥሮች ብቻ እማዬ፤ ለ907ና ለ911። ሌላ የለም።› ‹እነሱስ ይካፈላሉ?› ‹እነሱ አይካፈሉም።› ‹ይራራቃሉ?› ‹አይራራቁም፤ በመካከላቸው ሌላ የማይካፈል ቁጥር የለም› አልኳት። ሁለቱን ቁጥሮች በሹክሹክታ ደገመቻቸው። ከዚያ አባባን ‹አንተ ድሮም እንዲህ ነህ። ስታገባኝ የስፌት መኪናው የራሴ ነው ብለኸኝ፣ ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ ነው ያወቅኩት› አለችው። አባባ ‹ኋላ ገዛሁት እኮ› አለ። ‹ገዛኸው፤ መቼ ካድኩ› አለችው። አባባ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልለየሁም።

እማዬ ካልሲውን አጠፈች። ‹ቃሉ ይቅር› አለች። ‹ቁጥሩ የሱ ነው፤ ቃሉን የጨመርነው እኛ ነን።› ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ቀስ ብላ አልዘጋችውም። ስታለቅስ ከዚህ ሆኜ ሰምቻታለሁ፤ አባባ ትንሽ ቆየና ገባ።

ዛሬ ጠዋት ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ እኔና አባባ ብቻ ሄድን። ስሙ ተጠርቦ አልቋል። ቁጥሩና ቃሉ ግን ገና በእርሳስ የተነደፉ ናቸው። አባባ ቃሉ እንዲጠፋ ሲነግረው ሰውዬው ቅር አለው፤ ‹ያምር ነበር እኮ። ምነው?› አለ። ‹እውነት አይደለም› አለው አባባ። ‹ቁጥሩስ?› ‹ቁጥሩ እውነት ነው።› ሰውዬው አንዴ አባባን፣ አንዴ እኔን አየና ‹እናንተ ሰዎች እኔን ግራ አጋባችሁኝ› አለ። አባባ እርሳሱን ተቀበለው። ቃሉ የነበረበት ቦታ ላይ አጎንብሶ ማካፈል ጀመረ። ልረዳው ብጠጋ በክርኑ ገፋ አደረገኝ። ዘጠኝ ጊዜ አለ፤ ቀነሰ። አንድ ጊዜ አለ፤ ቀነሰ። የመጨረሻዋን ሰባት አወረደ፤ 907 ከ907 ሥር ቆመ። ‹ዜሮ› አለ፣ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ቀና እስኪሉ ድረስ ጮክ ብሎ። ድንጋይ ጠራቢው ጢሙን እያሸ ‹ዜሮ ለመጥረብ ቀላል ነው፤ ልጨምረው?› አለ። አባባ ‹አይ፣ እሱ ይጠረግ› አለው። ሰውዬው በእርጥብ ጨርቅ ጠረገውና መሮውን አንስቶ ከስምንቷ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ፍንጣሪ ስትወድቅ አባባ አንስቶ ኪሱ ከተታት።

ስለዚህ ፎቶው ሲደርስሽ ‹ቃሉ የት ሄደ?› ብለሽ ራስሽን እንዳትጠረጥሪ። እማዬን ጠይቂያት፤ ብትነግርሽ ደስ የሚላት ይመስለኛል። የስፌት መኪናውን ነገርም አብራ ታነሳብሻለች።

አንድ ነገር ዘልዬብሻለሁ። ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አባባ ሱቅ የሄድኩ አስመስዬ ጽፌያለሁ። አልሄድኩም። ደወሉ ሲደወል ደብተሬን ይዤ ወደ ቤት ነው የሮጥኩት፤ መንገድ ላይ አንድ ሰው ገጭቼ ይቅርታ እንኳ አላልኩም። እንዴት እንደማስረዳው እያሰብኩ ነበር፤ መጀመሪያ 91ን አሳየዋለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ አራትን ብቻ እጽፍለታለሁ፣ ራሱ ያገኘዋል፣ ግንባሩን ይመታል እያልኩ። የመኝታ ቤታችንን በር ከፍቼ ‹ስማ› አልኩ። የቆጣሪው አልጋ እንደተነጠፈ ነበር። ደብተሩን እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ። ለዚህ ነው ላንቺ የጻፍኩት እታለም፤ ለሱ ማስረዳት የነበረብኝን ለአንድ ሰው ማስረዳት ነበረብኝ።

ለባለቤትሽ አክብሮት ያለው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለሳሉ ማታ ማታ አንገቱን ይሸፍን በይልኝ። ትንሿን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባ ‹ዓይኗን ታሳክም› ይልሻል፤ እማዬ ደግሞ መልእክቷን ራሷ እንደምትነግርሽ ነግራኛለች፤ ቢሆንም ናፍቀሻታል። ሾፌሩ በክራንች መሄድ ጀምሮ ባለፈው መንገድ ላይ አገኘኝና ላንቺም ሰላምታ ልኳል። ለሰው ሁሉ ቁጥሩ አልተካፈለም እያለ ነው የሚያወራው። እሱን አላረምኩትም።

የምወድሽ ትንሹ ወንድምሽ

ከቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት ፱ ቀን